ለጥቂት ያመለጠ ውጤት፦ የልጁም የወላጁም ጤና

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ምግብም ስለ መድኃኒትም ያነሳል። መነሻው ግን የፈተና ውጤት ነው።

«የፈተና ውጤት በጤና አምድ ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል የማየውን ቢያይ ግን አይጠይቅም ነበር። ያን ሰሞን የራስ ምታትና የጨጓራ መድኃኒት ፈላጊው ይበዛል። «ትንሽ የሚያስተኛ ነገር የለሽም ወይ እህቴ?» የሚሉ እናቶች ይመጣሉ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ለሳምንት የዘነጉ አባቶች ይመጣሉ። ረጋ ብላችሁ ከጠየቃችኋቸው መጨረሻ ላይ የሚናገሩት አንድ ነው፤ «ልጄ ውጤት አልመጣለትም»።

የአንዷን እናት ነገር ልንገራችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ቀይሬዋለሁ። ከመካነ ሰላም ወጣ ካለ ቀበሌ በእግሯ መጥታ ነው። ልጇ አራት ዓመት ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ እየተመላለሰላት የተማረች ናት። የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ ነበረች። ከ600 ያመጣችው 296 ነው፤ ማለፊያው ደግሞ 300። እናትየው አራት ጣቶቿን አውጥታ አሳየችኝ። «አራት! ለአራት ነጥብ ስድስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አባቷም አያናግራት» አለችኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ ለልጇ «ለከርሞ ጭንቅላቷን የሚከፍትላት ቫይታሚን»፣ ለራሷ ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን።

ሁለቱንም አልሸጥኩላትም። ወንበር ሰጥቻት ያወራነውን ነው ዛሬ ለእናንተም የምጽፈው።

ለጥቂት መቅረት ለምን ይብሳል?

ብዙ ሰው «አራት ነጥብ ብቻ ከሆነ ምን ያንገበግባል? በመቶ ነጥብ የቀረ አለ አይደል?» ይላል። የሰው ልብ ግን እንዲህ አይሠራም። በሩቁ የቀረ ልጅ አዝኖ ይተወዋል። በደጃፍ የቀረው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይቆጥራል። «ያችን መልስ ሰርዤ ባልቀይራት ኖሮ»፣ «የመጨረሻዋን ገጽ ባልቸኩልባት ኖሮ» ይላል። እናቱም በበኩሏ ትቆጥራለች፤ «በዚያ ቅዳሜ ለአጨዳ ባልጠራው ኖሮ»። አባቱም ይቆጥራል፤ «በጉን ሸጬ መጽሐፉን በጊዜ በገዛሁለት ኖሮ»። ቤቱ በሙሉ በ«ኖሮ» ይሞላል።

ይህ የእኛ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባመጣችበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 በተካሄደው የባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ ተመራማሪዎች የተሸላሚዎቹን ፊት በፊልም ተመልክተው ነበር። በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ላይ እንዳሉት፣ ሦስተኛ ወጥተው ነሐስ ያገኙት ሁለተኛ ወጥተው ብር ካገኙት የበለጠ ደስ ብሏቸው ታይተዋል። ነሐስ ያገኘው «ባዶ እጄን አልገባሁም» ሲል፣ ብር ያገኘው ስላመለጠው ወርቅ ያስባል። እንግዲህ ልጃችሁ በአራት ነጥብ ቀርቶ ከሌላው ይልቅ ቢከፋው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ለጥቂት መቅረት በባሕርይው የሚያብሰለስል ነገር ነው።

ቁጥሩን በልኩ እንየው

ወላጆች ልጃቸውን ከመፍረዳቸው በፊት የአገሩን ቁጥር ቢያውቁ ይጠቅማል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው የተሰጠ ነው። ማለፊያውም ከመቶ 50 ሆነ። ያኔ ከ896,520 ተፈታኞች 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,161 ደርሰዋል። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 27,267 ተማሪዎች፣ 3.2 ከመቶ አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ 5.4 ከመቶ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፣ ይኸውም 8.4 ከመቶ።

ነገሩን በሰው ብንመስለው፣ በ2017ቱ ፈተና ከመቶ ልጆች ዘጠና አንድ የሚሆኑት እንደ እናንተ ልጅ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ «የእከሌ ልጅ አልፎ የእኔ ለምን ቀረ?» ስትሉ ከዘጠና አንዱ ጋር ሳይሆን ከስምንትና ከዘጠኙ ጋር ነው የምታመዛዝኑት።

በዚያ ላይ የእነዚህ ልጆች የትምህርት ዘመን እንዴት እንዳለፈ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ይህን የምለው ልጅ ጥረቱን እንዳይመረምር አይደለም። ሚዛኑ የተስተካከለ እንዲሆን ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ሰው ሲደነግጥና ሲያዝን ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ያለ ልክ ይከፈታል። ሆድ ይነፋል፣ ያቃጥላል። ስለዚህ ልጁ «ሆዴን አመመኝ» ሲል እያስመሰለ አይደለም። እናቱ «ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ መሰለኝ» ስትልም እውነቷን ነው። ደረቷን ደጋግሞ ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ሕመሙ ወደ ክንዷና መንጋጋዋ ከሄደ ግን «ሐዘን ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ቶሎ ትመርመር።

አብዛኛው ሰው ላይ ይህ ስሜት ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እየረገበ ይሄዳል። የሚረግበው ግን ሦስት ነገሮች ሲያግዙት ነው፤ እንቅልፍ፣ ምግብና መልካም ቃል። እነዚህ ሦስቱ ቤት ውስጥ ያሉ ናቸው። መድኃኒት ቤት መጥታችሁ የምትፈልጓቸው ነገሮች ግን ብዙዎቹ አይረዱም፤ አንዳንዶቹም ይጎዳሉ።

ከመድኃኒት ቤት የማይገዛ

1. የጭንቅላት ቫይታሚን። ጎበዝ የሚያደርግ ሽሮፕም ኪኒንም የለም። ቢ ኮምፕሌክስ የቫይታሚን እጥረት ላለበት ሰው ይጠቅማል፤ እጥረት ለሌለበት ግን ሽንቱን ቢጫ አድርጎ ይወጣል እንጂ ታሪክና ጂኦግራፊ አያስጠናም። ልጅቷ ከወትሮው በላይ የሚደክማት፣ ስትነሳ የሚያዞራት፣ ከንፈሯና የዓይኗ ውስጥ የነጣ ከሆነ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር፤ የአይረን ኪኒንም በምርመራው መሠረት ይሰጣታል።

2. የእንቅልፍ ኪኒን። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ያለ ልዩ ማዘዣ የማይሸጡ ናቸው፤ ምክንያትም አለው። ሰውነት ቶሎ ይለምዳቸዋል። ሲቋረጡ እንቅልፍ ማጣቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ከአልኮል ወይም እንደ ትራማዶል ካሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን እስከማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። ለጎረቤት የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን ተውሶ መዋጥም ያው አደጋ ነው። መድኃኒት እንደ ወንፊት አይዋዋሱትም።

3. በባዶ ሆድ የሚዋጥ ማስታገሻ። ምግብ ያልቀመሰ ሰው ለራስ ምታቱ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲውጥ ጨጓራው ይቆስላል። መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ፣ ይብላ፣ ይረፍ። ካልተወው ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃዋል።

4. ጫት። ይህ መድኃኒት ቤት ባይሸጥም እንደ መድኃኒት ሲወሰድ አያለሁ። ከፈተና በፊት «ለጥናት»፣ ከውጤት በኋላ «ለመርሳት» ይቃማል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ለጊዜው ያነቃል። ሲለቅ ግን ድብርቱን ያብሰዋል፣ እንቅልፍን ያርቃል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ያዘነ ልጅ የሚያስፈልጉትን ሦስቱንም ነገሮች ይወስድበታል ማለት ነው። ልጁን ከመርቃና ቤት ለማውጣት በቁጣ ከመሄድ ግን ማታ ማታ አብሮት የሚውል የቤት ሰው ማዘጋጀት ይሻላል።

የራሳችሁንም መድኃኒት አትርሱ። የግፊት፣ የስኳር፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ወላጆች በዚህ ሰሞን ነው የምትዘነጉት። ጭንቀት ራሱ ግፊትንም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ሲጨመርበት እንጂ ሲቋረጥበት አይገባም። ኪኒኑን ከሱብሒ ሶላት ወይም ከቁርስ ጋር አያይዛችሁ ውሰዱት፤ ያን ጊዜ አይረሳም።

ማዕዱ

ያዘነ ልጅ ብቻውን ሲሆን አይበላም። ምግቡን መኝታው ድረስ መውሰድ በመጀመሪያው ቀን ደግነት ነው፤ በአምስተኛው ቀን ግን ከሰው መለየት ይሆናል። ስለዚህ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ብሉ። በማዕዱ ላይ የፈተና ወሬ አይነሳ። የተቆረሰለትን ባይጨርስ አትቆጡት፤ ቁጭ ማለቱ ይበቃል።

ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። የእኛ ደጋ የሚያበቅለው ይበቃል። ጠዋት የገብስ ገንፎ ወይም በሶ፣ ምሳ ላይ የምስር ወይም የባቄላ ወጥ ከጎመን ጋር፣ ካለ እንቁላል፣ ማታ ወተት። ፍላጎቱ ለተዘጋ ሰው ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መስጠት በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከማቅረብ ይሻላል። ቆሎ ከኪሱ አይጥፋ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ በእህልና በጎመን ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይመረጣል። ከዐሱር በኋላ ደግሞ ቡናው ለማይተኛ ሰው ይቅር።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ይህ ግን ሌሊቱን እንጂ ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መዋል አይደለም። ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሳ፣ ፀሐይ ይሙቅ፣ ውኃ ይቅዳ፣ ከብት ያውጣ። ሥራው እንደ ቅጣት አይሁን እንጂ ሰውነቱ ሲንቀሳቀስ ሌሊት ይተኛል። ስልኩም በመኝታ ሰዓት ከአጠገቡ ይራቅ፤ የጓደኞቹ የደስታ ፎቶ የሚደርሰው በእሷ በኩል ነው።

ከአፋችን የሚወጣው

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። ውጤት በወጣ ሳምንት ቡና ሊጠጣ የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ምሳር ይዞ ነው የሚመጣው። «የእነ እከሌ ልጅ ግን አለፈ አሉ?» ይላል አንዱ። «ቀድሞም ኳስ ያበዛ ነበር» ይላል ሌላው። ልጁ ከጓዳ ሆኖ ይሰማል። ወላጆች ሆይ፣ በቡናችሁ ላይ ዳኛው እናንተ ናችሁ። «የልጄን ነገር ዛሬ አናንሳ፣ ዱዓ አድርጉለት» ብትሉ የሚቀየማችሁ የለም።

ለልጁስ ምን እንበለው? በወሎ አንዲት ቃል አለችን፤ «አብሽር»፣ ለሴት ልጅ «አብሽሪ»። ለታመመ፣ ለከሰረ፣ መንገድ ለጀመረ ሁሉ የምንላት ናት። እሷን ካላችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ አድምጡት። ምክር፣ ዕቅድ፣ ተግሣጽ፣ ሁሉም ለሁለተኛው ሳምንት ይደርሳል።

ዝም ብላችሁ አድምጡ ስል ግን አታናግሩት ማለቴ አይደለም። ይህን የምለው ከራሴ ነው። እኔ በ1998 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጃለሁ። ያኔ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ይባል ነበር፤ የሚገባውም በዚያ ፈተና ይለያል። ለጥቂት ቀረሁ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ዱላም አላነሳብኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ዘጋኝ። ውኃ ሳቀርብለት ፊቴን ሳያይ ይቀበለኛል። እሱ በኋላ እንደነገረኝ ክፉ ቃል እንዳይወጣው ፈርቶ ነበር። እኔ የመሰለኝ ግን ልጅነቴን የሰረዘኝ ነው። የውጤቴን ቁጥር ዛሬ ረስቼዋለሁ፤ ያንን ዝምታ ግን አልረሳሁትም።

በአራተኛው ቀን ቁርኣን ያስቀሩኝ ሸኽ ቤታችን መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። ቡናው እስኪፈላ ምንም አላሉም። ከዚያ አባቴን «ይህች ልጅ ሉሗን ሳታጥብ ስንት ጊዜ ያደረች ይመስልሃል?» አሉት። መድረሳ ላልገባ አንባቢ ልግለጽ። ሉህ የምንቀራበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ትምህርቱ በቀለም ይጻፍበታል፤ ደረሳው በቃሉ አሳክቶ ሲያሰማ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ካላሳካ ያው ጽሑፍ ያድራል። አንዳንዱ ሉህ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዱ አራት ሌሊት ያድራል። «ወደቀች» ግን አይባልም፤ «ገና ናት» ነው የሚባለው። ሸኹ አለንጋ አያውቁም ነበር አልልም፤ አለንጋቸውንም አስታውሳለሁ። ግን ያላሳካን ልጅ ከመድረሳ ሲያባርሩ አላየሁም። አባቴ ጥቂት ዝም አለና ሳቀ። ማታ ጠራኝና «አብሽሪ ልጄ» አለኝ። በዚያው ዓመት ደሴ ሄጄ በ10+3 ፋርማሲ ተመዘገብኩ።

ይህን የምተርከው «ወድቄ ሰው ሆንኩ» ለማለት አይደለም። መሰናዶ ብገባ ምን እሆን ነበር እያልኩ ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩኝ፤ ዲፕሎማዬም ያንን አላጠፋውም። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ሳምንት ለልጅ የእነ እከሌን የወድቆ መነሳት ታሪክ አትተርኩ የምላችሁ። ገና ያልጠገገ ቁስል ላይ ምሳሌ አይቀባም።

አይቸኩሉም

በዚህ ሰሞን ሌላ እንግዳም ይመጣል፤ ደላላ። በደቡብ ወሎ ይህን የማያውቅ ቤት የለም። ለሴቷ ልጅ የአረብ አገር ሥራ፣ ለወንዱ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ። ባል የሚያመጣም አለ። ልጅ ባዘነበት ሰሞን «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይደለም፤ ከኀፍረቱ ለመሸሽ ነው። ወላጅም ከጎረቤት ዓይን ለመሸሽ ይፈርማል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ ውጤት ከወጣ በኋላ ቢያንስ አርባ ቀን እስኪያልፍ ድረስ በልጁ ሕይወት ላይ የማይመለስ ውሳኔ አትወስኑ። ሥራው፣ መንገዱም ሆነ ጋብቻው አርባ ቀን ቢቆይ አይጠፋም።

በእነዚያ ቀናት ተረጋግታችሁ ያሉትን በሮች ቁጠሩ።

— ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ሳያመጡ ለጥቂት የቀሩ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ተምረው፣ ፈተናውን ካለፉ የመጀመሪያ ዓመት የሚገቡበት አሠራር ተጀምሯል፤ ሪሜዲያል የሚሉት ነው። መግቢያ ነጥቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የዘንድሮውን ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እንደ 296 ያለ ውጤት ላመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚንኳኳው በር ይህ ነው።

— በግል ተመዝግቦ ፈተናውን እንደገና መውሰድ ይቻላል። ይህን የሚመርጥ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶ እንዳይቀመጥ፤ ግማሽ ቀን ሥራ፣ ግማሽ ቀን ጥናት ይሻለዋል።

— የቴክኒክና ሙያ፣ የጤናና የመምህራን ኮሌጆች አሉ። እኔ በዚህ በኩል ያለፍኩ ነኝና ዝቅ ያለ መንገድ ነው ሲባል አልሰማም።

በመካነ ሰላም ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለባችሁ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እዚሁ ከተማችን አለ። የቀረው ልጅ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በየቀኑ ሲያልፉ ያያል። «እነሱን እያቸው!» እያላችሁ በሩን በልቡ ላይ አትዝጉበት። ከእነሱም ውስጥ በሪሜዲያል የገባ ሊኖር ይችላል።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሐዘን በሽታ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይረግብ ከቀጠለ ግን፣ ልጁ የማይተኛ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚተኛ፣ የሚከሳ፣ ከሰው ሁሉ የሚሸሽ፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ያስጠላው ከሆነ ሐኪም ይየው። ሁለት ሳምንት የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ፤ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ማለት፣ ስለ ሞት ደጋግሞ ማውራት፣ ዕቃውን ለሰው ማደል፣ እንደ ስንብት ያለ ንግግር። ይህን የሰማ ወላጅ በዚያው ቀን ይነሳ።

«ብጠይቀው ነገሩን አስታውሰው ይሆናል» ብላችሁ አትፍሩ። «ልጄ፣ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። አለ ካላችሁ አትቆጡት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውሰዱት። እስከዚያው ድረስ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉና ለእህል የገዛችሁትን ፀረ ተባይ ቆልፉበት፤ ቁልፍ ከሌላችሁ ከዘመድ ቤት አስቀምጡት። ይህን ምክር የልጁ ሁኔታ የማያሰጋ ለሚመስላችሁም ጭምር ነው የምለው። መርዝ የወሰደ ሰው ቢያጋጥማችሁ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፣ ወተትም አትስጡት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

አንዳንድ ወላጅ «ኢማን ያለው ልጅ እንዲህ አያስብም» ይላል። ወባ ስትነድፍ ኢማን ያለውንና የሌለውን አትለይም፤ ድብርትም እንዲሁ ነው። ሰብር ማድረግ ከሕክምና መቅረት አይደለም። ወባ ለያዘው ልጃችሁ ዱዓም አድርጋችሁ መድኃኒትም እንደምትሰጡት ሁሉ፣ ልቡ ለታመመውም እንዲሁ አድርጉ።

ወደዚያች እናት ልመለስና ላብቃ። ያን ቀን ባዶ እጇን አልሸኘኋትም፤ የባሏን የግፊት ኪኒን ጠይቄያት ካለቀ ስምንት ቀን እንደሆነው ስለነገረችኝ በማዘዣው መሠረት ሰጠኋት። «ማታ ይህን ስታቀርቢለት ለልጅቷ አንዲት ቃል ብቻ እንዲላት ንገሪው» አልኳት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለኪኒኑ ተመልሳ መጣች። «ልጅቷስ?» አልኳት። «ኧረ ገና ናት» አለችኝ፤ «ግን ትናንት ከአባቷ ጋር ገበያ ወርዳ ነበር»።

ገና ናት፤ ሉሁ ያደረ እንጂ የተሰበረ አይደለም። ውድ አንባቢዎች፣ ያ ቤት የእናንተ ከሆነ ዛሬ ማታ በማዕዱ ላይ «አብሽር» በሉት። የሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።